ሰባት ቤት ቆጥረን ሄድን

ባለፈው ጥቅምት ለእህቴ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን ከእንጅባራ ዳንግላ ሄድን። ዋናችን መሪጌታ ነበሩ። ከመናኸሪያ የልጅቷ ቤት እስክንደርስ ጋሪው ላይ ያወሩት የኮሪያ ፊልም ስንቱን ባለትዳር ሥራ እንዳስፈታ ነው።

ቤት ገብተን መሪጌታ የሁለቱንም ወገን ዘር እስከ ሰባት ቤት በቃላቸው ቆጠሩ። ዝምድና የለም። አባትየው ደስ አለው። እናትየው ግን ለእኛ ክብር ስትል ድምፁን ብቻ ከቀነሰችው ቴሌቪዥን ዐይኗን ሳትነቅል፣ «ለመሆኑ ልጃችሁ የት ነው የተወለደው?» አለች።

«ሆስፒታል» አልኩ ኮራ ብዬ።

«እንግዲያው ሕፃን ተለዋውጦ ቢሆንስ? ይኸው ይቺ ሐኪም ልታገባው ያለችው ልጅ በደም ምርመራ ወንድሟ ሆኖ ተገኘ።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰች ኮሪያዊት ታለቅሳለች። ሽማግሌ በዘር፣ በሃይማኖት ሲመለስ አይቻለሁ፤ በኮሪያዊት እንባ ሲመለስ ግን አላየሁም። ተግሣጽ ይሰጡልኛል ብዬ ወደ መሪጌታ ዞርኩ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ወንድሟ አይደለም። የምርመራውን ውጤት የቀየረችው ነርስ ክፍል አርባ ላይ ትናዘዛለች።»