ለመጋዝ ያልተውኩት መንገድ

ቦንጋ በነበርኩበት ማሰልጠኛ ኮምፒዩተር ላይ የሰርኪዩት ንድፍ መሥራት የሚችል መምህር እኔ ብቻ ነበርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ተኮፍሼ ኖርኩ። ከዚያ አዲስ መምህርት ሆና እሷ መጣች። እዚያው ከፋ የሺሺንዳ ልጅ ናት፤ ትምህርቱን በአማርኛ ትጀምርና ሰልጣኞቹ ግራ ሲጋቡ በካፊኖኖ ትጨርስላቸዋለች። በእኔ ክፍለ ጊዜ የሚያንቀላፉት ልጆች በእሷ ጊዜ ሰዓቱ አልቆም አይወጡም። የአገሬ ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል። እሷ ምቀኛዋን ፊት ለፊቷ ካለው ጠረጴዛ አገኘችው።

ያኔ «ቴክኖሎጂ ሽግግር» የማይባልበት ስብሰባ አልነበረም። ለዞኑ ኤግዚቢሽን አራት መምህራን የየራሳችንን ሥራ እንድናቀርብ ታዘዝን፤ የሰርኪዩቱ መስመሮች የሚወጡበት መዳብ የተለበጠው ቦርድ ግን የቀረን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አራቱ ንድፍ አንድ ላይ ተገጣጥሞ ቦርዱ ላይ ያርፍና ትርፉ መዳብ እንዲበላ በአሲድ ይታጠባል፤ ከዚያ በሴጌቶ መጋዝ ተቆርጦ ለየባለቤቱ ይታደላል። በኮምፒዩተር መገጣጠሙ ለእኔ ተሰጠ።

የእኔ ሥራ መብራት ሄዶ ሲመጣ ፍሪጅ እንዳይቃጠል የሚከላከል ነበር። የእሷ ደግሞ ዝናብ ማካፋት ሲጀምር እየጮኸ የኮረሪማ ስጥ እንዲነሳ የሚያሳስብ። ዝናብ በማያባራበት አገር የትኛው እንደሚወደድ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያሻም።

በሌሎቹ ንድፎች መካከል መጋዙ የሚያልፍበት ሁለት ሁለት ሚሊሜትር ተውኩ። በእሷና በእኔ መካከል ግን ምንም አልተውኩም። ቦታ አጠረኝ ብዬ ራሴን አታለልኩ እንጂ ቦታስ ነበረ። መጋዙ ከሁለት አንዳችንን መብላቱ አይቀርም፤ የነባሩ መምህር ይቆረጥ ብሎ የሚደፍር እንደሌለም አውቃለሁ።

ቦርዱ ከአሲዱ ሲወጣ የክፍሉ ኃላፊ አገላብጦ አየና መጋዙ በየት ይለፍ ሲል ጠየቀ። ኤግዚቢሽኑ በማግስቱ ነው። እሷ ጎንበስ ብላ የሁለታችንን ድንበር በጣቷ ተከተለች፤ ሰፊ ሰፊ ክፍተት የተተወላቸውን የሌሎቹንም አየች። ነቃችብኝ ብዬ ፊቴ ጋለ።

«በእኔ በኩል ይለፍ» አለች። «ጋሼ ባይገጣጥሙልን ኖሮ ማናችንም ቦርድ አይኖረንም ነበር።»

ሴጌቶውን እኔው ያዝኩ። እሷ ቦርዱ እንዳይንሸራተት በሁለት እጇ ጠበቅ አድርጋ ያዘችልኝ፤ የገዛ መስመሮቿ አንድ በአንድ ሲበጠሱ ቀና ብላ አላየችኝም። ተንኮሌን አውቃ ይሁን ሳታውቅ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። መጸጸት ነበረብኝ። እኔ ግን እንደዚያ ደግ መሆን በመቻሏ ከበፊቱ ይልቅ ቀናሁባት።