የስለት ማሾ

«ከቁራሌው ነው የገዛሁት አልሁሽ እኮ፣ እምዬ።»

«ቁራሌው የስለት ዕቃ ይሽጥ ብሎ ማን ሾመው? አውርደው።»

እናቴ ከኮሶዬ ድንች ይዛልኝ ጎንደር አጠገብ ፀዳ ከተማ ላይ ካለችው የኪራይ ክፍሌ ከገባች ገና አሥር ደቂቃ አልሞላትም። ድንቹ በከረጢት እንደታሰረ በሩ ሥር ተቀምጧል። እሷ አልተቀመጠችም። እኔም የማሾውን ፓምፕ አውጥቼ ቅባት እየቀባሁ ስለደረሰችብኝ፣ ፓምፑን እንደያዝሁ ነው የምከራከራት።

መደርደሪያዬ ላይ ስድስት አሮጌ የማሾ ፋኖስና ሦስት የነጭ ጋዝ ምድጃ አለ። ሰው የጣላቸውን እየለቀምሁ ዝገታቸውን እፍቃለሁ፣ የጎደላቸውን እሞላለሁ፣ አበራቸዋለሁ፣ ከዚያ አጠፋቸዋለሁ። ክፍሌ መብራት አላት። ይህን ለሰው ማስረዳት ግጥም ከማስረዳት ስለባሰብኝ ትቼዋለሁ።

እናቴ የምትለው አንዱን ነው፤ እጀታው በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመውን። የሌሎቹን እጀታ ሁሉ ቀይሬአለሁ። የዚህን ግን ቋጠሮው አንጀቴን በልቶት ተውሁት። ግጥምም ጽፌለታለሁ፤ ዐሥራ ሁለት ስንኝ። በግጥሙ ውስጥ ሽቦውን የቋጠረው ከቤቱ ርቆ የሚሄድ ወታደር ነው።

«ይኸን የቋጠረው አጎትህ ነው» አለች። «ከገበያ ስናመጣው አህያዋ ጣለችውና እጀታው ተነቀለ። ፍየል በሚያስርበት ቋጠሮ ጠፈረው።»

ዐሥራ ሁለቱን ስንኝ በሆዴ ደገምሁ። ፍየል የምትገባበት ቦታ አልነበረም።

«መቼ ነው ያመጣችሁት?»

«አንተ ትክትክ ይዞህ ጡት እምቢ ያልህ ጊዜ። ልጄን ካተረፍህልኝ ለደብርህ ማሾ አስገባለሁ ብዬ ተሳልሁ። ተረፍህ። አስገባሁ።»

የቀረውን ራሴ ሞላሁት። ደብራችን የፀሐይ መብራት ሲገባለት አሮጌው ዕቃ ከተቀደደ ቆርቆሮ ጋር ወጣ፤ ቁራሌው ጭኖ ጎንደር አመጣው። እኔም ነፍሴ የተለመነችበትን ማሾ ከብረት ክምር መካከል መርጬ ሦስት ወር ወለወልሁት።

«የሸጡት ካህናቱ ራሳቸው ናቸው» አልሁ።

«እሱን እነሱ ይጠየቁበት። አንተ ቤት ግን አያድርም።»

«ሃያ አራት ዓመቴ ነው እኮ። ትክትኩ ለቆኛል።»

«ምነው እንዲህ ትላለህ!» ብላ አፌን በእጇ ከደነችው። እጇ አፈር አፈር ይሸታል። ስለቱ ወደ ቤት ከተመለሰ በሽታውም ይመለሳል ብላ ነው የፈራችው።

እጇን ከአፌ ስታነሣ፣ «ሌላውን ውሰጂላቸው» አልኋት። «ያኛው ይበልጣል። ብርሃኑም ሸጋ ነው።»

«በሌላ ማሾ ነው የተረፍኸው?»

ማሾውን ራሷ አውርዳ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ስትገባ ቅባት የምቀባው የነበረው የሱው ፓምፕ ግን እኔ እጅ ቀርቷል። ያለ ፓምፑ ማሾው አይበራም። እሷ ይህን አታውቅም፤ ካህናቱም አብርተው አያዩትም፤ ዕቃ ቤት ያስቀምጡታል። እንደዚህ ያለ ፓምፕ ደግሞ ከእንግዲህ አላገኝም።

በሩ ጋ ደርሳ ነበር።

«ቆይ» አልሁ።

«ደግሞ ምን ቀረህ?»

ነጠላውን ገለጥ አድርጌ ፓምፑን አስገባሁና አጠበቅሁት።

«አሁን ሙሉ ነው።»

«ጎደሎ ልታሸክመኝ ነበር?»

የነጠላዋን ጫፍ መልሼ አለበስሁት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ቀጥሎ ዐይኗ ወደ ከረጢቱ ሄደ።

«ድንቹን ሳያጎነቁል ብላው» አለች፤ ማሾውን እንደ ሕፃን ታቅፋ ወጣችና በሩን በተረከዟ ዘጋችው።