ለአያ ደሳለኝ የሞላናቸው ጥይቶች

ልጅ እያለሁ የቅዳሜ ሽታ ለእኔ የቀለጠ እርሳስ ሽታ ነበር። ባለፈው ሰሞን ከምኖርበት ፎቅ ሥር አንድ ቧንቧ ሠራተኛ በጣሳ እርሳስ ሲያቀልጥ ሽታው በመስኮት ገባና ሽንኩርት እየከተፍኩ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። ሌላው ሰው ልጅነቱ ትዝ ሲለው ፈገግ ይላል። እኔ ተናድጄ መስኮቱን ዘጋሁት። ትዝ ያለኝ አባቴን ያሳጣኝ የአንክል ቨርነር አሮጌ ሽጉጥ ነበር።

አባቴ እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ቮስሎሩስ በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረው። የሰፈሩ ሰው ስሙን ሳይጠይቅ «ማይ ፍሬንድ» ይለው ነበር። ዱቤ ሲፈልጉም ማይ ፍሬንድ፣ ሊዘርፉት ሲመጡም ማይ ፍሬንድ። አንክል ቨርነር ደግሞ ቦክስበርግ የሚኖር፣ ከማዕድን ማውጫ ማሽን ጥገና ጡረታ የወጣ የስዊዘርላንድ ሰው ነው። የሱቃችንን የብረት ፍርግርግ የበየደልን እሱ ነበር። አባቴ የፍርግርጉን ሥራ ለማየት ጋራዡ ሲሄድ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ባዶ ቀለሃዎች አየ፤ ከዚያ በኋላ ፍርግርጉን ረሳው። ጎንደር ገጠር ውስጥ ከአባቱ ጋር ውጅግራ የሚባለውን የድሮ ጠመንጃ ቀለሃ ሲሞላ ያደገ ሰው ነው። እንግሊዝኛቸው የማይገጣጠም ሁለት ሰዎች በዚያን ቀን በጣት ብቻ ሲያወሩ ዋሉ።

ሽጉጡ ስድስት ጎራሽ ነው። የአንክል ቨርነር ቅድመ አያት የስዊዝ ጦር መኮንን ሳሉ የታጠቁት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው፣ እጀታው በእጅ ብዛት የለሰለሰ። ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ስለቆየ ሽማግሌው እያንዳንዱን ራሱ ይሠራዋል። የተተኮሰውን ቀለሃ አጥቦ ያደርቃል፣ ከቂጡ የሞተውን መለኮሻ አውጥቶ አዲስ ይተክላል፣ ባሩድ ይሞላል፣ በመጨረሻ ከእርሳስ ያቀለጠውን አረር አፉ ላይ ይገጥማል። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ጋራዡ ይዞኝ ሲሄድ ባሩዱን በትንሿ ሚዛን የምመዝነው እኔ ነበርኩ፤ የአባቴ እጅ ከባድ ነዋ። አንክል ቨርነር ሁሌም «ሽጉጡ አርጅቷል፣ ብዙ አታጉርሱት» ይለናል። አባቴም «እኛ አገር ሽማግሌ ሲሆን ነው አብዝተው የሚያጎርሱት» ብሎ ይከራከረዋል። ሽማግሌው ቀልዱ እስኪገባው ሌላ ቀለሃ ሞልተን እንጨርሳለን።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የዒላማ ሜዳ እንሄድ ነበር። የሽጉጡ ምላጭ እንደ ግትር በር ነው። እኔ በሁለት እጄ ይዤ፣ ምላሴን አውጥቼ ስስበው ጥይቱ ዒላማውን ትቶ አፈሩን ያቦነዋል። አባቴ ግን በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር የሚተኩሰው። የተኩስ ክበቡ ሰዎች በቁምጣቸውና በረጅም ካልሲያቸው ቆመው ይስቁበታል፣ ቀጥሎ እሱ የበሳውን የዒላማ ወረቀት እርስ በርስ ይቀባበላሉ። በሱቁ ፍርግርግ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ሳንቲም የሚመልሰው ሰው እዚያ ሜዳ ላይ ቀና ይል ነበር። አባቴ ከልቡ ሲስቅ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። ስለዚህ ነው ያን ሽጉጥ ጠልቼ መጨረስ ያቃተኝ።

አምስተኛ ክፍል እያለሁ አያ ደሳለኝን ገደሉት። የአባቴ የአገሩ ልጅ ነው፤ ከጎንደር ወጥተው አንድ ላይ ድንበር የተሻገሩ፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ሱቅ የነበረው፣ ሲመጣ ኪሱ በቺፕስ ተሞልቶ የሚመጣ። ጠዋት ዳቦ ሲያወርድ ደጃፉ ላይ ነው የመቱት። ፖሊስ ቢጠራ ቢጠራ ከሰዓት በኋላ መጣ፣ አንድ ወረቀት ሞልቶ ሄደ። ማን እንደገደለው የጠየቀም የለም።

አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ከመሄዱ በፊት ሽኝቱ በእኛ ግቢ እንዲሆን ተወሰነ። አባቴን አንድ ነገር ብቻ ከነከነው። በእነሱ አገር ስም ያለው ሰው ሲሞት አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ይተኮስለታል። የማይተኮስለት ሰው ወገን የሌለው ነው። እናቴ «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ፣ የሰው አገር ነው ያለነው» ብላ ለመነችው።

«ደሳለኝ ከእኔ ደጅ እንደ ድመት አይወጣም» አላት።

አንክል ቨርነር ነገሩ ሲነገረው ብዙ አልጠየቀም፤ በእነሱም አገር ለወታደር መቃብር ላይ እንደሚተኮስ ነገረን። ዓርብ ዕለት ጋራዡ ውስጥ ሦስታችን ቁጭ ብለን ጥይት ሞላን። አረር አልገጠምንም፤ በባሩዱ ላይ ወረቀት ጠቅጥቀን ዘጋነው። ድምፅ እንጂ ማንንም የሚነካ ነገር አልነበረውም። እኔ ባሩዱን ስመዝን አባቴ «ትንሽ ጨምሪ የኔ እናት፣ ደሳለኝ ጆሮው ከባድ ነበር» አለኝ፤ ሳቅን። ለቅሶ ላይ ሆነን መሳቃችን ዛሬ ድረስ ይገርመኛል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳጥኑ ከበራችን ሲወጣ ሴቶቹ እዬዬ አሉ፤ አባቴ ነጠላውን አደግድጎ ሽጉጡን ወደ ሰማይ ተኮሰ። ጭሱ በግቢው ላይ ተንሳፈፈ። ወንዶቹ በዚህ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው አለቀሱ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ግን የሰሙት ሌላ ነው፤ ሱቅ በሚዘረፍበት ሰሞን መጤዎቹ መሣሪያ አውጥተው የተኮሱ መሰላቸው። ለአያ ደሳለኝ ሬሳ ከሰዓት የመጣው ፖሊስ፣ ለባዶ ጥይት ገና ሳጥኑ መኪና ላይ ሳይጫን ደረሰ። አንክል ቨርነር ፈቃዱን አውጥቶ አሳየ። ፈቃዱ ለዒላማ ሜዳ እንጂ ለመንደር አይሆንም አሉት። አባቴን «ፔፐር» አሉት፤ የመኖሪያ ወረቀትህን አምጣ ማለታቸው ነው። የጥገኝነት ወረቀቱ ጊዜው አልፎበት፣ ለማሳደስ ወረፋ እየጠበቀ ነበር።

አንክል ቨርነር በቀጠሮው ሁሉ ክራቫት አስሮ ፍርድ ቤት ይቀርብ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎም ተናገረ። ሽጉጡ ተወርሶ ተቆራረጠ። አባቴ ከእስር ቤት በቀጥታ ወደ አገር ቤት በሚመልሰው አውሮፕላን ተጫነ። ሱቁን ሌላ ሰው ያዘው፤ እናቴ የሰው ልጅ እየጠበቀች አሳደገችኝ።

ከፍ ስል አባቴን በስልክ ጠየቅሁት። «አይጸጽትህም?» አልኩት።

«ደሳለኝ እኮ ከደጄ ነው የወጣው። እንዴት ዝም ብዬ ላሳልፈው?»

«እኔስ አባዬ?»

ካርዱ ያለቀ መሰለኝ፤ ሲተነፍስ ግን ይሰማኝ ነበር። ለዓመታት ያን ትንፋሽ ተቀይሜ ኖርኩ፤ ከሕያው ልጁ የሞተ ጓደኛውን መረጠ እያልኩ።

አባቴ አምና አረፈ። እኛ መሄድ አልቻልንም፤ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድም በውጊያው ምክንያት ዝግ ነበር። በቀብሩ ማግስት አጎቴ ሲደውል መጀመሪያ የጠየቅሁት ሌላ ነገር ሳይሆን እሱን ነው። «ተተኮሰለት?»

«ምን ብለን እንተኩስ ልጄ? እዚህ ከተተኮሰ ማን ተኮሰ ብሎ የሚመጣብን ሌላ ነው። ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ሴቶቹንም ዝም አሰኝተን ቀበርነው።»

ያኔ ጆሃንስበርግ የሰው አገር ስለሆነ ነው እንል ነበር። አሁን ጎንደርም የገዛ ልጇን ድምፅ ሳታሰማ ትቀብራለች። አባቴ ለጓደኛው ሲል እኔን አጥቶ፣ ለራሱ የሚተኩስለት አጣ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አባቴ በዚያ ቅዳሜ የፈራው ጓደኛው ወገን እንደሌለው ሰው እንዳይሸኝ እንደነበር ገባኝ። ያን ያህል ዓመት በእሱ ላይ የያዝኩት ቂም ያን ቀን ለቀቀኝ፤ ንዴቱ ግን አብሮኝ አለ፣ የማወርድበት ሰው ብቻ ነው የጠፋው።