ወንዳፈረው የቀበረው ኮኛክ

የሆሳዕና ሕዝብ ሆይ! የባጃጅ ሹፌር፣ የትኬት ደላላ፣ በየቢሮው ወንበር የምታሞቅ ሁሉ፣ ሥራህን አቁምና ይህን ዕወቅ፦ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አራት ጠረጴዛና አንድ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ባለው ግሮሰሪ ውስጥ፣ ወንዳፈረው የሚባል ሰው አለ። ቁመቱ ከባንኮኒው እምብዛም አያልፍም። ሹመት አላገኘም፤ መሬት አልወረረም፤ ስብሰባ መርቶ ማንንም አስተኝቶ አያውቅም። ሆኖም በከተማችን ታሪክ አንድ ጠርሙስ ባለመክፈት የታወቀ ብቸኛው መጠጥ ሻጭ ስለሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባርኔጣ ያለህ አውልቅ፤ የሌለህ ራስህን እከክ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዳፈረው በወጣትነቱ አዲስ አበባ የሆቴል አስተናጋጅ ነበር። እዚያ ሆቴል አንድ አፈር የሚመረምር ፈረንሳዊ ይኖር ነበር። ይህ ሰው ከሥራ ሲመለስ ከራሱ ጠርሙስ ጥቂት ኮኛክ ብርጭቆ ውስጥ ጠብ ያደርግና፣ በመዳፉ አቅፎ እያሞቀ ዝም ብሎ ያሸተዋል። አይጠጣም። ወንዳፈረው መጀመሪያ ዝንብ የገባበት መስሎት ብርጭቆ ሊቀይርለት ሄደ። ሰውዬው ሳቀና አስቀመጠው።

«መጀመሪያ አፍንጫ» አለው። «ቀጥሎ ትዕግሥት። አፍ መጨረሻ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ ቀጠለ። ኮኛክ ከወይን ጠጅ ተነጥሮ በእንጨት በርሜል ውስጥ አርባ ዓመት እንደሚከርም፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂቱ በእንጨቱ እያለፈ እንደሚተንና ያንን የተነነውን የአገሩ ሰዎች «የመላእክት ድርሻ» እንደሚሉት ነገረው። የደረቀ ፍሬ፣ ማር፣ ብዙ ዘመን ተዘግቶ የኖረ የእንጨት ሣጥን ሲከፈት ያለው ሽታ፤ እነዚህን አንድ በአንድ እንዲለይ አስተማረው። ባዶውን ብርጭቆም ቶሎ አያሳጥብም ነበር። «ነገ ጠዋት አሽትተው፤ ያኔ ነው እውነቱን የሚናገረው» ይላል። አገሩ ሲመለስ ያልተከፈተ አንድ ጠርሙስ ሰጠውና፣ «ከሚገባው ሰው ጋር ክፈተው» ብሎት ሄደ።

ከሚገባው ሰው ጋር! ምስኪን ፈረንሳዊ፣ ሆሳዕናን አላያት። የከተማዋ እኩሌታ በሃይማኖቱ ምክንያት አይቀምስም፤ የተቀረው እኩሌታ የሚጠጣው ቤቱ በእሳት የተያያዘ ይመስል ነው።

ወንዳፈረው ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ ግሮሰሪውን ሲከፍት ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አናት ላይ ሰቀለው። ዓመታት አለፉ። ባለሥልጣን ለመነው፤ እምቢ። ሙሽራ ለመነው፤ እምቢ። አንድ ቀን አቤሴሎም የሚባለው ሥራ ተቋራጭ ጓደኞቹን አስከትሎ ገባ።

«ጋሼ ወንዴ፣ ያንን አውርደውማ! በኮካ እንበጥብጠው።»

«በኮካ ሲሚንቶህን በጥብጥ። ለነገሩ አንተ አሸዋውን ብቻ ነው የምትበጠብጠው።»

ግሮሰሪው በሳቅ ፈረሰ። አቤሴሎም ፊቱ ቀላ። «ታዲያ ለማን ነው የምትደብቀው? አብሮህ እንዲቀበር ነው?»

ይህች ቃል ወንዳፈረው ጆሮ ውስጥ ገብታ አልወጣችም። መቀበር! በእኛ አገር ምን ነገር ነው ተቀብሮ የተበላሸ? ቆጮ እንሰት ቅጠል ለብሶ ጉድጓድ ውስጥ ሲከርም ነው የሚጥመው። ባለቤቱ አስካለች ደግሞ ልጃቸው ብርቅዬ ዩኒቨርሲቲ በገባችበት ዓመት፣ ለልጅቷ የሠርግ ድግስ ብላ ትልቅ ጉድጓድ ቆጮ በጓሮ እየቀበረች ነበር። «አርባ ዓመት እንዲህ ካጣፈጠው፣ ሌላ ጥቂት ዓመት ከቆጮ ጋር ቢተኛ ምን ሊሆን ነው!» አለ የኛ ሊቅ። ጠርሙሱን በቅጠል ጠቅልሎ፣ ቆጮው መሐል፣ እንደ ሕፃን አጋድሞ አስተኛው።

ወገኖቼ፣ ኮኛክ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ብቻ ነው። ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዕለት ዕድሜው ይቆማል፤ ልክ ቢሮ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ የኃላፊ ፎቶግራፍ። ደግሞም ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይቀመጥም፤ ከተጋደመ ቡሹን ይበላዋል። ፈረንሳዊው ይህን አልነገረውም። ጠርሙስ የሚቀብር ሕዝብ ይኖራል ብሎ እንዴት ይገምት?

ወንዳፈረው አፈሩን ከመለሰ በኋላ ማለ፦ «የብርቅዬ ሽማግሌ በመጣ ቀን ይወጣል። አሽትቶ ያልገባው ቤተሰብ ልጄን አይወስዳትም!»

ብርቅዬ ተመረቀች። ቲቶ የሚባል የዳምቦያ መምህር ወደደች። የቲቶ ቤተሰብ ደግሞ አጥባቂ ጴንጤ ነው። ሽማግሌ ሆነው የሚመጡት አጎቱ አቶ ጴጥሮስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ለስላሳ ሲታዘዝ እንኳ አረፋው እስኪጠፋ የሚጠብቁ ሰው።

«አባዬ፣ እነዚህ ሰዎች አይጠጡም» አለችው ብርቅዬ።

«ይጠጡ አላልኩም። ያሽትቱ።»

«እምቢ ቢሉስ?»

«በመጡበት ሚኒባስ ይመለሳሉ።»

«እንግዲያው ስማኝ። ያለ አንተ ምርቃት አላገባም፤ ቲቶንም አልተውም። እዚሁ ግሮሰሪህ ውስጥ ቁጭ ብዬ አረጃለሁ፤ እንደ ጠርሙስህ።»

ወንዳፈረው ግን ከመሐላው አልተነቃነቀም። ግትርነት ቢወቀጥ ኖሮ የዚህ ቤት ዱቄት ለዞኑ ሁሉ ይበቃ ነበር።

ከቀጠሮው በፊት አስካለች ጉድጓዱን ከፈተች። ጠርሙሱን እንዳትነካ ስለተነገራት ዙሪያውን ብቻ አወጣች። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ቆጮ ሽታው ሌላ ነው» አለችው። «ከርሞ ነዋ!» አላት።

ሽማግሌዎቹ መጡ። በወጉ መሠረት ልጅቷ ሳትፈቀድላቸው እህል እንደማይቀምሱ ተናገሩ። ወንዳፈረው ደግሞ መልሱ ከማዕድ በኋላ ነው አለ። ተፋጠጡ። በመጨረሻ አቶ ጴጥሮስ፣ «ከዳምቦያ ጀምሮ ሆዴ ሲሸመግል ነው የመጣው፤ እሱን እንኳ ላስታርቅ» ብለው ተቀመጡ። ክትፎውና ቆጮው ቀረበ። ወንዳፈረው አካፋውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ።

ጠርሙሱን አገኘው። ቡሹ እንደ አመድ በጣቱ ላይ ፈረሰ። ዘቀዘቀው፤ ጠብታ የለም። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ እምቢታ ቆጮው ውስጥ ገብቷል። ጭቃ የለበሰ ባዶ ጠርሙስ ይዞ በሩ ላይ ደረሰ፤ ደረሰና ቆመ።

አቶ ጴጥሮስ ቁራሻቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«አስካለች፣ ይሄ ቆጮ ምን አገኘው?» ይላሉ። «የደረቀ ፍሬ ይሸተኛል። ማርም አለበት። ደግሞ… የአያቴን ሣጥን የከፈትኩ መሰለኝ።»

ፈረንሣይ ውስጥ ድርሻቸውን የሚወስዱት መላእክት ናቸው። ወደ እኛ የመጡት ግን በሚኒባስ፣ ከዳምቦያ ነው።

አስካለች ሁሉም ገባት። ባሏን ክንዱ ላይ ቆነጠጠችው። «ዝም በል» አለች በሹክሹክታ። «እሺ በላቸውና ይለቅ።»

ዝም ቢል ጨርሶ ነበር። መሐላው ደርሷል፤ ሰውየው አሽትቶ ገብቶታል፤ ብርቅዬ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየችው ነው። ወንዳፈረው ግን ለማንም ያላጎነበሰ ሰው ነው፤ ለሚመቸውም ውሸት አላጎነበሰም።

«አቶ ጴጥሮስ» አለ፤ ጠርሙሱን ማዕዱ ላይ አቁሞ። «የሸተተዎት ይሄ ነው። አረቄ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ፈሶ ነው። እኔም አሁን ነው ያወቅሁት።»

አሞጽ የሚባሉት ሽማግሌ ጉርሻቸውን መልሰው ብድግ አሉ። «ተነሡ፣ እንሂድ!»

አቶ ጴጥሮስ አልተነሡም። ጠርሙሱን አንሥተው አፉን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ቆዩ።

«ስበላ አውቄ ነበር?»

«አላወቁም።»

«እንግዲያው ያለፈው በእርስዎ ነው፤ ወደ ፈጣሪ ሲጸልዩ ያስቡበት። አሁን ግን አውቄያለሁ፤ አንዲት ጉርሻ አልደግምም።» ሳህኑን ገፋ አደረጉት። ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሽ ሲቋረጥ ተሰማ። ጠርሙሱ ግን ከእጃቸው አልወረደም።

«ምነው፣ አይመልሱትም?» አለ ወንዳፈረው።

«ማሽተቱን አልጨረስኩማ።»

«ሳያጥቡት ቢያድር ደግሞ ጠዋት እውነቱን ይናገራል።»

«እንግዲያው ይዤው ልሂድ። መልስዎን ይስጡኝና።»

«ሁለቱንም ውሰዱ» አለ ወንዳፈረው። «ልጄንም፣ ጠርሙሱንም።»

አሞጽ ቆመው ስለነበር፣ ከሁሉ ቀድመው እልል ያሉት እርሳቸው ሆኑ።

አሁን አንተ፣ ይህን የምታነበው! ዳምቦያ ገበያ ስትሄድ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መስኮት ላይ ባዶ የኮኛክ ጠርሙስ ታያለህ። ምላስህን ሳትስል በፊት ቤትህ ግባ። ቡፌህ አናት ላይ፣ አቧራ ለብሶ፣ «ለሚገባው ሰው» ብለህ ያስቀመጥከውን አውርድ። ከዚያ ንገረኝ፤ ያ ሰው ማን ነው? በሩን አንኳኩቶ ስንት ጊዜ መልሰኸዋል?