ስቲኩና ውሃ ልኩ

ጎረቤቴ ሞባይል ጠጋኝ ነው። ጌጃ ሰፈር፣ ከሱቄ ጎን ቁጭ ብሎ የሰው ስልክ ሲፈታ ይውላል። የመፍታት አመሉ ፑል መጫወቻ ስቲኩም ላይ ወጣ። ስቲኩ ለሁለት ተፈትቶ ወገቡ ላይ በቡሎን የሚጋጠም፣ የራሱ ቦርሳ ያለው ነው። ታክሲ ውስጥ ሲገባ እንዴት እንደሚያቅፈው ብታዩ! እኔ ልጄን እንኳ እንደዚያ አቅፌ አላውቅም።

በሽታው ያ ቡሎን ነበር። የብረቱን ሲገጥምበት «ወደ ፊት ደፋኝ» ይላል። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ቶርኖ ቤት ሄዶ በአሉሚኒየም ሲያሠራ ደግሞ «በጣም ቀለለኝ»። ቀጥሎ ነሐስ ሆነ። በየለውጡ ስኳር ወደምመዝንበት ሚዛን ይመጣል፤ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እኛ ስቲክ እንመዝናለን። ከዚያ አንድ ጣቱ ላይ አጋድሞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሚዛኑ የሚቆምበትን ቦታ ይፈልጋል።

«አየህ?» ይለኛል።

«አየሁ» እላለሁ። ያየሁት ጣት ነው።

ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው ነበር። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ ጎልማሳ እዚያው ሰፈሩ፣ በሰው ፊት አሸንፎታል። ጎረቤቴ እልህ ያዘውና እኛ ሰፈር እንዲገጥመው ጠራው። እዚህ የሚችለው የለማ! በዚህም አልበቃውም፤ ከተሸነፈ ስቲኩን ሊሰጠው ቃል ገባ።

የሰፈራችን ፑል በረንዳ ላይ የቆመ፣ ወደ መንገዱ ያዘነበለ ነው። ሁላችንም ተምረንበታል። ኳሷን ወደ ቀዳዳው አንልክም፤ አንድ መዳፍ ያህል ወደ ግድግዳው አስጠግተን እንለቃታለን፣ የቀረውን ጠረጴዛው ይጨርስልናል። ይህንን እኛ ጉብዝና እንለዋለን።

የግጥሚያው ቀን ጎረቤቴ ከግንበኛ ውሃ ልክ ተውሶ መጣ። ስቲኩ ልክ ከሆነ ጠረጴዛውም ልክ መሆን አለበት አለ። በጠረጴዛው እግር ሥር ጣውላ ጠቅጥቆ አቃናው።

«አሁን ቢሸነፍ ሰበብ የለውም» አለ፣ እጁን እያራገፈ።

እንግዳው ቀጥ አድርጎ መታ፤ ኳሷ ቀጥ ብላ ገባች። ጎረቤቴ እንደለመደው ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ለቀቃት፤ እሷም ወደ ግድግዳው ሄዳ ቀረች። እንደገና መታ፣ እንደገና ቀረች። ስቲኩን አገላብጦ ቡሎኑን አየው። አዘንኩለት፣ እውነቴን ነው፤ ግን ሳቄ ቀደመኝ። ሰፈሩ ሁሉ ተከተለኝ።

ስቲኩን ከነቦርሳው አስረከበ።

በማግስቱ ሱቄ መጥቶ አሉሚኒየሙን ቡሎን ሚዛኔ ላይ አስቀመጠ።

«ደግሞ ምን ላይ ልትገጥመው ነው?» አልኩት።

«ያ ሰውዬ እጁ ፈጣን ነው» አለ፣ ዓይኑን ከሚዛኑ ሳያነሳ። «ነሐሱ ይደፋዋል። ይቺን አድርስለት።»

ቡሎኑን ኪሴ ከተትኩ። ወደ ሰንጋ ተራ ከመሄዴ በፊት ግን በረንዳው ላይ ጎንበስ ብዬ ጣውላውን ከጠረጴዛው ሥር አወጣሁት።