የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ፊልም ላይ ወጡ

በሰፈራችን ጋሽ በርናባስን ከሩቅ አይቶ የማያማትብ ሰው የለም። ጥፋታቸው ሌላ አይደለም፤ የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ናቸው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወጣው ዳገት ላይ የምንኖር ሰዎች ማን እንደሞተ የምንሰማው ከእሳቸው ነው። ጎህ ሲቀድ ጡሩንባቸውን ይነፋሉ፣ የሟቹን ስም ይጠራሉ፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ተናግረው ወደሚቀጥለው ቅያስ ይሄዳሉ። ስለዚህ ቀን ላይ ቲማቲም ሊገዙ ብቅ ሲሉ እንኳ ባለሱቋ ዘቢደር መጀመሪያ ፊታቸውን ታጠናለች። የመጡት ለቲማቲም ብቻ መሆኑን ስታረጋግጥ ነው ሚዛኑን የምታነሳው። ደህና ሰው እንዲህ ሲሸሽ ማየት ያሳዝናል ይባላል፤ እኛ ግን አዝነን አናውቅም፣ እንስቃለን።

ጋሽ በርናባስ ላምበረት መናኸሪያ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ያኔም ሆነ አሁን አንድ ወሬ አላቸው። በወጣትነታቸው «የቀበና ነብሮች» በሚባል የሮክ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይጫወቱ ነበር። ባንዱ በደርግ ዘመን «ጉሙ ሲገፈፍ» የሚል አንድ ካሴት አውጥቶ ተበተነ። ካሴቱን እናውቀዋለን። ጊታሩ እንደ ወፍጮ ቢያጓራብን መዝሙር ቀዳንበት። ማስረጃ ያምጡ ሲባሉ ጋሽ በርናባስ የካሴቱን ሽፋን ከኪሳቸው ያወጣሉ። ሽፋኑ ላይ ፀጉራቸውን ያጎፈሩ አራት ጎረምሶች አሉ፤ ዳር ላይ ደግሞ የአንድ ሰው ክርን አለ።

«ይሄ ክርን የእኔ ነው» ይላሉ።

አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ተሾመ ክርኑን ትኩር ብለው አይተው «ያኔም ለሙት ነበር እንዴ የሚነፉት?» ሲሏቸው ድንኳን ሙሉ ለቀስተኛ ሳቀ። የሐዘኑ ባለቤቶች ሳይቀሩ ሳቁ። ጋሽ በርናባስ ሽፋኑን አጥፈው ኪሳቸው መለሱት። የሚመኙት ነገር ትንሽ ነበር፤ ይህ ሰፈር አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ማንም ሳይሞት እንዲሰማቸው።

ነቢይ በአገሩ አይከበርም፤ እኛ ደግሞ መጀመሪያ ፈረንጅ እስኪያከብርልን እንጠብቃለን። የሆነ አገር ያለ አሳታሚ ካሴቱን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ በሸክላ አወጣው። መዝሙር የቀዳንበት ካሴት «ክላሲክ ሮክ» ሆኖ አረፈው። በተለይ ትራምፔቱ ከተራራ ማዶ የሚመጣ የአባቶች ጥሪ ይመስላል ተብሎ ብዙ ተጻፈ። ከዚያ ናፍቆት መጣች። ናፍቆት አልበሙ እንዴት እንደተሠራ ዶክመንተሪ የምትሠራ ወጣት ናት፤ ካሜራማን አላት፣ ድሮን አላት፣ ዕንቅልፍ የላትም። ከጊታሪስቱ ቤተሰብ ያልተቆረጠውን ፎቶ አግኝታ ይዛው መጣች። ክርኑ ባለቤት ነበረው፤ እሱም ጋሽ በርናባስ ናቸው።

በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ካሜራ ፊት ተሰለፈ። አቶ ተሾመ «በርናባስን በርታ እያልኩ ለዚህ ያበቃሁት እኔ ነኝ» አሉ፤ ባንዱ ሲፈርስ አቶ ተሾመ ገና ፊደል ይቆጥሩ ነበር። ዘቢደር የልምምዱ ድምፅ እሹሩሩ እያላት እንዳደገች ተናገረች፤ የተወለደችው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እኔም ተጠይቄ ስለ ባስ ጊታሩ ረዘም ያለ አስተያየት ሰጥቻለሁ። እውነት የተናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእሱንም አልፈለጉትም።

«ጋሼ፣ ያ ከሩቅ የሚመጣው ሳውንድ» አለች ናፍቆት፣ «እንጦጦ ላይ ሆነው ነው የነፉት አይደል?»

«ኧረ ልጄ፣ ጣውላ መጋዘን ነው የቀዳነው» አሉ ጋሽ በርናባስ። «ግድግዳውን በፍራሽ ሸፍነን፣ አንድ ማይክ መሐል ሰቅለን። ትራምፔቱ ሁሉንም ዋጠባቸውና ውጣ አሉኝ። ግቢ ወጣሁ። አሁንም በዛ አሉኝ። ራቅ በል፣ ራቅ በል ሲሉኝ ሽንት ቤቱ በር ላይ ደረስኩ። እዚያ ሆኜ ነው የነፋሁት።»

«ሽንት ቤት?»

«በሩ አልዘጋ ብሎ በእግሬ ደግፌ ይዤው ነበር።»

ናፍቆት ካሜራማኑን አየችው። «ይሄን ከት እናደርገዋለን» አለችው። ወደ ጋሽ በርናባስ ዞራ ደግሞ በፍቅር ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ ፊሊንጉ የእንጦጦ ነው። እንጦጦ ላይ እንቀርጽዎታለን።»

ትራምፔት ተከራየችላቸው። ጋሽ በርናባስ የትራምፔቱ አፍ ውስጥ ሹራብ ወትፈው፣ መስኮት ዘግተው፣ ከንፈራቸው እስኪያብጥ ተለማመዱ። ሹራቡን ቢያወጡት ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ከዚያ አቶ ተሾመን ለመኗቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሰፈሩ በላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ስለምነፋ ሰው ሁሉ መጥቶ ይስማልኝ አሉ። በእድር ስብሰባ ላይ ተነገረ፤ ሁላችንም እንመጣለን አልን። ጋሽ በርናባስ ሱፋቸውን አስተኮሱ። ያን ሰሞን ሲራመዱ እንኳ ሌላ ሰው ነበሩ።

ናፍቆት ግን ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በራቸውን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ከሰዓት ድሮኑ ሌላ ቦታ ቡክድ ነው። ጉሙም ያለው አሁን ነው። ላይቱ ደግሞ፣ ይዩት እስቲ!»

«ልጄ፣ ይሄ የሙት ሰዓት ነው። ሰው ይደነግጣል።»

«አንድ ቴክ ብቻ፣ ፕሊስ። ሰው ሳይነሳ እንጨርሳለን። ለሰዉ ከሰዓት ይነፉለታል።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። ስንት ዘመን የጠበቁት ቀን በራቸው ላይ ቆሞ እምቢ ማለት አቃታቸው። ሱፋቸውን ለብሰው ተከተሏት።

የመጀመሪያው ድምፅ ሲሰማ እኔ ጋቢዬን ደርቤ ደጅ ነበርኩ። ትራምፔት ይሁን ጡሩንባ ማን ይለያል? ከዚያ ዳገት፣ በዚያ ሰዓት የሚነፋ ነገር ለእኛ የሚነግረን አንድ ነገር ነው። የከፋው ደግሞ ስም አለመጠራቱ ነው። ይነፋል፣ ይነፋል፣ ስም የለም። ስም ሲጠፋ ሁሉም የየራሱን ሬሳ ይገምታል። አብዛኛው ሰው የፈረደው በእማማ የማርያምወርቅ ላይ ነበር፤ ከፋሲካ ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸውና። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ሲገቡ እማማ ትራስ ተደግፈው ዳቦ በሻይ ያጠቅሳሉ። «እኔን ይድፋኝ፣ ማን ሞተ?» አሉና አብረው ማልቀስ ጀመሩ። እርስዎ ነዎት የሚላቸው አልተገኘም። ጎረምሶቹ የእድሩን ድንኳን አውጥተው ቋሚውን ተሸክመዋል፤ የት እንደሚተክሉት የሚያውቅ ስለሌለ መንገድ መሐል ቆመው ይጠብቃሉ።

በመጨረሻ እያለቀስን ድምፁን ተከትለን ወጣን። ጋሽ በርናባስ ባሕር ዛፉ መሐል በጉም ተከበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይነፋሉ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ዜማው ሽቅብ ይወጣና ያመነታል፣ ከዚያ ማንም ባልጠበቀው በኩል እየሳቀ ይወርዳል። ደስታ ያየ ሰው ዜማ ነው። ግን ሟቹን ሳያውቁ ደስ ሊላቸው የሚችል ሰዎች አይደለንም። ናፍቆት ካሜራውን ወደ እኛ አስዞረች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ እያለቀሱ ነው» አለች። የእሷም እንባ መጣ።

ጋሽ በርናባስ ጨርሰው ዓይናቸውን ገለጡ። ሰፈሩ በሙሉ ፊታቸው ቆሞ ያነባል። ፊታቸው ሲበራ በዓይኔ አይቻለሁ። ትራምፔቱን ዝቅ አድርገው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጭነው እጅ ነሱ። ያኔ አቶ ተሾመ እያለከለኩ ደረሱ።

«ስም ይጥሩ እንጂ ሰውዬ! ማን ነው የሞተው?»

ጋሽ በርናባስ ካጎነበሱበት ቀና ሲሉ ያ ብርሃን ፊታቸው ላይ አልነበረም።

«ማንም አልሞተም» አሉ።

«ተመስገን!» አለ ሕዝቡ፣ እንባውን ጠርጎ ወደየቤቱ ወረደ። ምን እንደነፉ የጠየቀ የለም። ከሰዓት በኋላ የተባለውን ቀጠሮም ያነሳ አልነበረም፤ ሰው ጠዋት ካለቀሰ ውሎው ይበላሻል።

ፊልሙ ሲመረቅ ሁላችንም ክት ልብሳችንን ለብሰን ሄድን። ሽንት ቤቱ የለም፤ ድሮኑ የእንጦጦን ጫፍ ይዞራል። ከዚያ እኛ መጣን፣ ስናነባ። የተራኪው ድምፅ «ሰፈሩ ለዓመታት የተነፈገውን የልጁን ዜማ ሲሰማ እንባውን መግታት አቃተው» አለ። አቶ ተሾመ አፋቸውን ሲከፍቱ ምስሉ ተቆረጠ። አጠገቤ የተቀመጠችው ዘቢደር መሐረቧን አወጣች። «ያን ቀን እኮ ልቤ ነው የተነካው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ለእማማ የማርያምወርቅ ነበር። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ፣ ናፍቆትም ትራምፔቱን ገዝታ በስጦታ አበረከተችላቸው። ሰፈርተኛው ሲያለቅስ ምን ተሰማዎት ተብለው ሲጠየቁ ጋሽ በርናባስ ማይኩን ይዘው ወደ እኛ አዩ።

«ደንግጠው ነው» አሉ።

አዳራሹ ትሕትናቸውን ወዶ እንደገና አጨበጨበ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አቶ ተሾመ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሱ። እድራችን በዓለም ታውቋል፣ ይህን ክብር በዝምታ ማለፍ ነውር ነው አሉ። የድሮው ጡሩንባ ዝጓል፤ ከእንግዲህ አባል ሲያርፍ ጋሽ በርናባስ በአዲሱ ትራምፔት ያቺን ዜማ እንዲነፉ ሐሳብ አቀረቡ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እማማ የማርያምወርቅ በልጃቸው በኩል «ለእኔ ሲሆን ረዘም ያድርጉልኝ» ብለው ልከው ነበር።

ጋሽ በርናባስ ተነሱ። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ተቆጥተው ነበር።

«ጡሩንባውን እነፋለሁ፣ እስከ ዛሬ እንደነፋሁት» አሉ። «ይቺን ግን ለሙት አልነፋትም። ይቺን ተዉልኝ።»

አቶ ተሾመ ከልባቸው ግራ ገባቸው፤ ክፋት አልነበራቸውም።

«ታዲያ ለማን ሊነፏት ነው?» አሉ።

ጋሽ በርናባስ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት እያዩ ቆሙ። ዘቢደርን አዩ፣ እኔን አዩ። «ለእኔ» የሚል አንድ ሰው ነበር የሚጠብቁት፤ አንድ ይበቃቸው ነበር። ስብሰባው ረዝሞ ርቦን ስለነበር ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ፣ ወንበሮቹንም ማጠፍ ጀመርን።