መጮህ ያቆመው ማሽን

ልጄ የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ነው። እኔ ደግሞ እሱ በሚሠራበት፣ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ላስቲክ ወጥሬ ለመንገድ ሠራተኞቹ ሻይ፣ ቂጣና ቅቅል ጎደሬ እሸጣለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ለንግድ ነው እላለሁ። ለንግድማ ቢሆን መናኸሪያው ይሻለኝ ነበር። የመጣሁት እሱን ለማየት ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ማሽኑ የሚቆርሰው ገደል ነው። በላይ ቡና የተተከለበት ዳገት፣ በታች ወንዝ። ዝናብ በጣለ ቁጥር አፈሩ ይናዳል፣ እነሱም ትናንት የዛቁትን ዛሬ እንደገና ይዝቃሉ።

አንድ ሰሞን ማሽኑ ያለ ምክንያት መጮህ ጀመረ። ጠዋት፣ ጤዛው ገና ከብረቱ ላይ ሳይደርቅ፣ ልጄ ሞተሩን እንዳስነሳ ከፊቱ ያለችው ስክሪን ትቀላና ጢጥ ጢጥ ትላለች። የሃይድሮሊኩ ዘይት ከልክ በላይ ሞቋል ማለቷ ነው። የማሽኑን ክንድ የሚያነሳውና የሚጥለው ይኼ ዘይት ነው። ሞቀ ከተባለ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንሳል፤ አንድ አካፋ አፈር ለማንሳት እንደ ሽማግሌ ያቃስታል። ፎርማኑ የሚቆጣው ልጄን ነበር። አስጨንቀህ ስለምትነዳው ነው፣ ማሽን እንደ በሬ በአለንጋ አይሄድም ይለዋል። ገና ሳልነካው ነው የጮኸው ቢል ማን ይስማው። ከወንበሩ ሊያወርዱት ነው ብለው የቀን ሠራተኞቹ ሻይ ሲጠጡ ሲያወሩ በጆሮዬ ሰማሁ።

መካኒክ ተጠራ። የጅማ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሲናገር እጁን እንጂ ሰው የማያይ። መጀመሪያ የዘይቱን ታንከር በመዳፉ ነካው፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ይኼ ማሽን ይዋሻል አለ። የሚዋሸው ሽቦው ነው ወይስ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር? ሶኬቱን ከሴንሰሩ ነቀለ። ስክሪኗ ወዲያው ወደ ቅዝቃዜ ወረደች። ሽቦው ቢሆን ኖሮ ሴንሰሩ ተነቅሎም መጮኋን አትተውም ነበር፤ እንግዲያው ሽቦው ደህና ነው፣ በሽታው ሴንሰሩ ላይ ነው ብሎ ለልጄ አስረዳው። ለማረጋገጥ ደግሞ ወደ እኔ መጣ።

“ማዘር፣ ማንቆርቆሪያዎን ያውሱኛል?”

ቀዝቃዛ ውኃ ሞላበትና ከታንከሩ የፈታትን፣ አውራ ጣት የምታክለውን ሴንሰር በክር አንጠልጥሎ ነከራት። ቴስተር የሚሉትን የኤሌክትሪክ መለኪያ ሁለት ሽቦዎች አገናኝቶባት ማንቆርቆሪያውን እሳቴ ላይ ጣደው። ውኃው ሲሞቅ ቁጥሩ መውረድ አለበት አለኝ። ሲሞቅማ መውጣት አይደለም ወይ ስለው፣ የዚችኛዋ ጠባይ ግልብጥ ነው ብሎ ሳቀ። አብረን ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ውኃው ሞቀ፣ ተንተከተከ፣ ክዳኑን አንኳኳ። ቁጥሩ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ቴስተሩን አጠፋና ሞታለች አለ። ማንቆርቆሪያዬን በአመድ ፈትጌ ባጥበው እንኳ ያን ሳምንት ሻዩ ዘይት ዘይት ይል ነበር።

እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ ነጻ ወጣ ብዬ። ደስታዬ እስከ ማታ አልቆየም። የሚተካው ዕቃ ሚዛን የለም፣ ጅማም የለም፣ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። የማሽኑ ባለቤት ደግሞ በስልክ አንድ ቀን እንዳይቆም ብሎ አዟል። መካኒኩ የሞተችውን ሴንሰር ቀዳዳውን እንድትደፍን መልሶ አጠበቃት፤ ሶኬቱ ውስጥ ደግሞ የስንዴ ፍሬ የምታክል ቀለም የተቀባች ነገር ከተተ። ሬዚስተር ነው የሚሏት። እስኪመጣ ነው አለ። ስክሪኗ ዝም አለች፣ ማሽኑም ጉልበቱ ተመለሰ፣ ሁሉም አጨበጨቡ።

ያቺ ነገር ሥራዋ ምንድነው ብዬ ልጄን ጠየቅሁት።

“ለኮምፒዩተሩ ደህና ነኝ ትለዋለች።”

“በእውነት ሲሞቅስ?”

“ያኔም ደህና ነኝ ትላለች።”

እንጀራውን እየጎረሰ ነው እንዲህ የሚለኝ።

ቴፒ ገበያ ላይ ሙዝ የሚሸጥ አንድ የድሮ ኦፕሬተር አውቃለሁ። የማሽኑ ዘይት የሚያልፍበት የጎማ ቱቦ ፈንድቶ አንገቱንና ክንዱን ልጦታል። ሰላም ሲለኝ እጁን ሳይሆን ክርኑን ነው የሚሰጠኝ። ዘይት አለልክ ከሞቀ ቱቦው ይለሰልሳል፣ አንድ ቀን ይለቃል፣ ሰው በዚያ ጊዜ የት እንደቆመ ነው ዕድሉ ብሎኛል። ይኼን እያሰብሁ ዕቃው መጣ ወይ ብዬ ፎርማኑን ስጠይቀው፣ መንገድ ላይ ነው ይለኛል። መካኒኩም ወደ ጌጫ በኩል ወዳለው ሥራ ተዛወረ። ዕቃው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።

ልጄን ሳሳድግ ቴርሞሜትር አልነበረኝም። ወባ ሲይዘው የማውቀው በእጄ ጀርባ ነው፤ ግንባሩን ነክቼ ይኼ ያድራል፣ ይኼ አያድርም እላለሁ፣ ተሳስቼም አላውቅም። ስለዚህ ምሳ ሰዓት እሱ ሲበላ በማሽኑ ጀርባ ዞሬ ታንከሩን መንካት ያዝሁ። ክረምት ስለነበር ጥቂት ሠርተው ብዙ ይቆማሉ፤ ሁልጊዜ ለብ ብሎ ነው የማገኘው። ተመስገን ብዬ እመለሳለሁ።

ዝናቡ አባርቶ ቀኑን ሙሉ መቆፈር ሲጀምሩ፣ እንደ ልማዴ ብነካው ጣቶቼን ለበለበኝ። ምን እንዳልሁ አላስታውስም። ልጄ ከምሳ ተመልሶ ሞተሩን ሲያስነሳ አጥፋው እያልሁ በቤንችኛ ጮሄ ማሽኑ ፊት ቆምሁ ይላሉ። ሥራ ቆመ፣ መኪናው ሁሉ ተሰለፈ። መካኒኩ በዚያው ሰሞን ከጎን ላለው የድንጋይ ካባ ማሽን ሊሠራ መጥቶ ስለነበር ተጠራ። በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደግኑት የነበረውን ዓይነት መለኪያ አወጣና ታንከሩ ላይ ደገነ። መለኪያው ሰባ ዲግሪ አለ።

“ማዘር፣ ይኼ የሰው ገላ አይደለም። ሰባ ለእሱ ጤና ነው። እጅዎ ገና ሃምሳ ላይ ይሸሻል፤ ሰባውን ከመቶው አይለየውም።”

“ታዲያ የሚለየው ምንድነው?”

ሴንሰሩ ነው አለኝ፣ እጁን እያየ። መለኪያውን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ስም የወጣልኝ ያኔውኑ ነው። ማዘር ቴርሞሜትር፣ እስቲ ሻዬን ለኪልኝ፣ ደርሷል? ይሉኛል። እስካሁንም ይሉኛል። ይሳቁ፣ በሳቅ የሞተ የለም። የከፋኝ ልጄ ነው። እኔ በቤንችኛ ሳናግረው እሱ ሰው ሁሉ እንዲሰማ በአማርኛ፣ “እማዬ፣ ሁለተኛ ማሽኑ አጠገብ እንዳላይሽ” አለኝ። ማታ ቤት ገብቶ ነው በቤንችኛ የነገረኝ፤ እኔ ከወንበሩ ብወርድ ሌላው ተሰልፏል፣ ለሌላውም ያችው ሬዚስተር ናት አለ። የሌላዋን እናት ልጅ ተካልኝ ብዬ አልጸልይ።

አሁን አልነካውም። ብነካውስ ምን አውቃለሁ። ከላስቲኩ ሥር ተቀምጬ ድምፁን እሰማለሁ፤ ድምፁ በደህናም ቀን በክፉም ቀን አንድ ነው። ምሳ ሲመጣ ግን አፌ አላርፍ እያለኝ ስክሪኗ ዛሬ ስንት አለች እለዋለሁ። ሃምሳ ይለኛል። በማግሥቱም ሃምሳ። ፀሐይ ድንጋይ ስትሰነጥቅም ሃምሳ፣ ደመና ሲሆንም ሃምሳ። ያቺ ሬዚስተር ሌላ ቁጥር አታውቅም፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ያንኑ ጠየቅሁት። አንገቱ ላይ ያለውን ላብ በመሐረብ ጠረገ፣ ትንሽ አሰበ፣

“ዛሬ ስልሳ ሁለት ነው፣ እማዬ” አለኝ።

ተመስገን አልሁት። ጎደሬ ጨመርሁለት፣ በላና ወደ ማሽኑ ወጣ።